ምዕራፍ 7፦ ዝም ያለ ቫልቭ

ወላይታ ውስጥ ያለችው ቢጠና የደረስኩት ሊመሽ ሲል ነበር። ቮልሴ ቀኑን ሙሉ አቀበት ላይ ሲያቃስት ውሏል። በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣውን ዳገት በሁለተኛ፣ በሁለተኛ የሚወጣውን በአንደኛ እየጎተተ፣ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስለቅለት ደግሞ ማርሚታው ውስጥ ጧ ጧ እያለ እዚያች ከተማ አደረሰኝ። ካንዴላውን አይቻለሁ፣ ነዳጁን አይቻለሁ፣ ፑንቲናውን አይቻለሁ። ቫልቩን ግን አልጠረጠርኩም፤ ምክንያቱም ከሁለት ወር በፊት አንድ ጋራዥ አስተካክሎልኝ ነበር። ከዚያ በፊት ቀጭ ቀጭ ሲል የነበረው ሞተር ከዚያ ወዲህ ጸጥ ብሏል፤ እኔም በጸጥታው ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጥቻለሁ።

ቮልስ የሚያውቅ መካኒክ እዚህ እንደማይገኝ ነገሩኝ። የተገኘው ባጃጅና ሞተር ሳይክል የሚጠግን ወጣት ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና የኋላውን ኮፋኖ ከፍቶ ጎንበስ ብሎ አየ። ንፋስ የሚያራግበውን ማራገቢያ አየ፣ ራዲያተር ፈልጎ አጣ፣ ካርቡራተሩን ነካ አደረገ፣ ከዚያም ቀና ብሎ፦

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ባጃጅ ነው» አለኝ።

ልቤ ትንሽ ቅር አለው። ግን እውነቱን ነው። ባጃጅም ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ባጃጅም የሚቀዘቅዘው በንፋስ ነው፤ ባጃጅም በየጊዜው ቫልቩ በእጅ ካልተለካ ይቃጠላል። አንዱ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ሌላው ባለ አራት መሆኑ እንጂ የአሠራሩ ሐሳብ አንድ ነው። «አሁኑኑ እንክፈተው» ብዬ ብለምነው እምቢ አለ። «ይደር ጋሼ። ትኩስ ሞተር ልኩን አይናገርም።»

ትኩስ ጎደሬ በዳጣ በልቼ አደርኩ። ሲነጋ፣ ላሜራው ላይ ያደረው ጤዛ ገና ሳይደርቅ ከመኪናው በታች ገብተን የቫልቭ ክዳኖቹን ከፈትናቸው። የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ጭራሽ ክፍተት አልነበረውም። በጣም ስሱ መለኪያ እንኳ አልገባም አለ። ያስደሰተኝ ጸጥታ የቫልቩ መታነቅ ኖሯል።

ይህ ምዕራፍ የሚነግራችሁ ዋናው ነገር ይኸው ነው፦ በንፋስ በሚቀዘቅዝ አሮጌ ሞተር ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ቫልቭ ጤነኛ ነው፤ የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው።

ለምን? ቫልቭ ማለት ረጅም እጀታ ያለው የብረት ክዳን ነው። ሲከፈት ጋዝ ያስገባል ወይም ያስወጣል፤ ሲዘጋ ደግሞ መቀመጫው ላይ ጥብቅ ብሎ ያርፋል። የጭስ ማስወጫው ቫልቭ በእሳት መካከል ነው የሚኖረው። የያዘውን ሙቀት የሚያራግፈው በአብዛኛው በተዘጋበት ቅጽበት፣ ከቴስታታው መቀመጫ ጋር በሚነካካበት ጊዜ ነው። ቫልቩን ገፍቶ የሚከፍተው ሮከር በቫልቩ ጫፍ ላይ ክፍተት ከሌለው ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ካልተዘጋ ሙቀቱን አያራግፍም፤ ካላራገፈ ጠርዙ ይቃጠላል፣ እጀታው ይለጠጣል። ሲለጠጥ ደግሞ ክፍተቱ ይበልጥ ይጠባል። እንዲህ እንዲህ ሲል አንድ ቀን ራሱ ተቆርጦ ፒስቶኑ ላይ ይወድቃል። ክፍተቱ በዝቶ የሚንኳኳ ቫልቭ ግን የሚያስከትለው ድምፅ፣ ጥቂት ጉልበት ማጣትና ቀስ ያለ መበላት ብቻ ነው። ፋብሪካው ራሱ ይህን አይቶ ነው በቀደሙት መመሪያዎች 0.10 ሚሊ ሜትር የነበረውን ክፍተት ኋላ ለአብዛኞቹ 1300፣ 1500 እና 1600 ሞተሮች ወደ 0.15 ሚሊ ሜትር ያሰፋው። ድምፁ እንደሚጨምር ያውቃል፤ ዕድሜ መረጠ።

ሦስተኛው ሲሊንደር ለምን ከሌሎቹ ቀድሞ እንደሚጎዳም ምክንያት አለው። በቆዩት ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ፣ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደው ንፋስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ያ ሲሊንደር የሚደርሰው ንፋስ ያነሰና የሞቀ ነው። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣው ወደ ጎን ወጥቶ የራሱ የንፋስ መንገድ ተሠራለት። የእናንተ ሞተር ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ቫልቭ በለካችሁ ቁጥር ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ለኩት።

ስለ ስፖርት መኪና ጥገና በሚተርክ መጽሐፍ ውስጥ ቮልስ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ ዝምድና ነው። የፖርሸ ስም ያለው የመጀመሪያው መኪና፣ 356 ቁጥር አንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በኦስትሪያዋ ግሙንድ ሲሠራ ሞተሩ፣ መሪው፣ ፍሬኑና የእግሮቹ አሠራር ከቮልስ የተወሰደ ነበር። የቮልሱ 25 ፈረስ ጉልበት ሞተር ተሻሽሎ ወደ 35 ደረሰ፤ ቀላል አካል ለበሰና የስፖርት መኪና ሆነ። 356 እስከ 1965 ሲመረት ብዙ ነገሩ እየተለወጠ ቢሄድም አቀማመጡ ያው የቮልስ ነው፦ ግራና ቀኝ የተኙ አራት ሲሊንደሮች፣ ከኋላ፣ በንፋስ። ቮልስ ራሱም ቢሆን ሩጫ ያውቃል። በምሥራቅ አፍሪካ በሚካሄደው የሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አሸንፏል፤ ያውም በአቧራና በጭቃ። እውነተኛ የስፖርት መኪና በአገራችን መንገድ ብርቅ ነው። ቮልስ ግን አለ፤ በቮልስ ላይ የሠለጠነ እጅ ደግሞ 356 ቢያገኝ አይደናገርም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ ካቻቢቴ፣ 13 ወይም 14 ቁጥር ቁልፍ፣ የዲናሞውን ፑሊ የያዘውን ዳዶ የሚያዞር 21 ቁጥር፣ ባለ ብዙ ቅጠል የክፍተት መለኪያ፣ ሁለት አዲስ የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ጨርቅ። መኪናው ቢያንስ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ መሆን አለበት።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሱ። ካንዴላዎቹን ብትፈቱ ሞተሩ በእጅ ሲዞር ይቀልላችኋል። ከታች ያለው ትልቁ ፑሊ ጠርዝ ላይ ጭረት አለ፤ ያ ጭረት የሞተሩ ሁለት ግማሾች ከተጋጠሙበት መስመር ጋር እስኪገጥም ድረስ አዙሩ። በዚያው ጊዜ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ተሽከርካሪ ጣት ጠርዙ ላይ ወዳለችው ትንሽ ጭረት ከጠቆመ አንደኛው ሲሊንደር ለመለካት ዝግጁ ነው። ወደ ሌላ አቅጣጫ ከጠቆመ ፑሊውን አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ። አንደኛው በቀኝ በኩል ወደ መኪናው ፊት ያለው ነው፤ ሁለተኛው ከኋላው። በግራ በኩል ፊት ያለው ሦስተኛ፣ ኋላ ያለው አራተኛ። ቮልስን አይተው የማያውቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ «ፊት» ማለት ከመኪናው ፊት እንጂ ሞተሩን ጎንበስ ብሎ ከሚያየው ሰው በኩል አይደለም።

የቫልቭ ክዳኑን ሽቦ በካቻቢቴ ወደ ታች ጫን አድርጋችሁ አውርዱት። ጥቂት ዘይት ይፈሳል፤ ጨርቅ አስቀድሙ። በሮከሩ ጫፍና በቫልቩ መካከል 0.15 ሚሊ ሜትር የሆነውን ቅጠል አስገቡ። ትክክል ከሆነ ቅጠሉ ይገባል፤ ሲወጣ ግን ያዝ ያዝ ያደርጋል። ቅቤ ውስጥ የገባ ቢላዋ የሚያደርገውን ያህል ነው፤ ከዚያ የቀለለ ሰፊ ነው፣ ከዚያ የከበደ ጠባብ። ካልሆነ የሮከሩን ዳዶ ላላ አድርጉና በካቻቢቴ ማስተካከያውን አዙሩ። ዳዶውን ስታጠብቁ ማስተካከያው አብሮ ስለሚዞር ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ። ይህን ሁለተኛ ልኬት የዘለለ ሰው ቫልቭ አስተካከልኩ ማለት የለበትም። እኔን ቢጠና ድረስ ያስለፋኝ ይኸው ይመስለኛል፦ ለክቶ፣ አጥብቆ፣ ሳይደግም መዝጋት።

ከአንደኛው ወደሚቀጥለው ለመሄድ ፑሊውን ግማሽ ዙር ታዞራላችሁ። ወደ ሥራ አቅጣጫው ካዞራችሁት ተራው 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ወደ ኋላ ካዞራችሁት ደግሞ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ይሆናል፤ ለጀማሪ ይህ ይቀላል፤ እኔም እስከ ዛሬ የምሠራው እንዲሁ ነው። ከጭረቱ ትይዩ በሌላው ጎን ላይ በነጭ ቀለም ነጥብ ብታደርጉ ግማሽ ዙሩ አይጠፋችሁም። የመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሰዓት ይፈጅባችኋል። አምስተኛው ላይ አርባ ደቂቃ።

ብዙ ሊነገርለት የሚገባው ሌላው ነገር ንፋሱ ነው። የወላይታዋ ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ዳገት ላይ ኮፋኖ ከፍተው ራዲያተር ሲያስተነፍሱ የምታዩአቸው አሽከርካሪዎች ብርቅ አይደሉም። ቮልስ የሚፈላ ውኃ የለውም። ግን አየሩም በዚያው ከፍታ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚገፋው አየር ያነሰ ነው፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያነሰ ስለሆነ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርዳል። ለባሕር ዳርቻ የተሠራ ካርቡራተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል። ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት፦ ቡናማ ከሆነ ሰላም ነው፤ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ነዳጁ በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ አንሷል፣ ሞተሩም እየነደደ ነው፤ በዘይት ከረጠበ ፋሻው አልቋል። ለደጋ ተብሎ የነዳጁ ቀዳዳ የጠበበለት መኪና ወደ አርባ ምንጭ ቆላ ሲወርድ ነጭ ካንዴላ ሊያሳይ እንደሚችል አትርሱ።

እዚህ ላይ የማየው ትልቁ በደል በላሜራዎቹ ላይ የሚፈጸመው ነው። የቮልስ ሞተር ዙሪያውን በላሜራና በጎማ ጠርዝ የተከበበ ነው። የላይኛው ክፍል ቀዝቃዛ አየር የሚሳብበት፣ የታችኛው የጋለው አየር የሚጣልበት ነው። ሁለቱን የሚለየው ያ ላሜራ ነው። ሞተር አውርዶ የሚገጥም ሰው «ትርፍ ነው» ብሎ አንዱን ላሜራ ሲተው፣ ወይም ያለቀውን ጎማ ሳይተካ ሲዘጋ፣ ሞተሩ የራሱን ትኩስ ትንፋሽ መልሶ ይተነፍሳል። ኋላ ሲግል ዘይቱ ይወቀሳል፣ ነዳጁ ይወቀሳል። ላሜራ ከጠፋ የትኛውም ቆርቆሮ ሠሪ ልኩን አይቶ ይሠራዋል፤ ወላይታ ውስጥ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ጎበዝ እጅ አይጠፋም።

ቺንጊያውም ከንፋሱ ጋር የተያያዘ ነው። አንዱ ቺንጊያ ዲናሞውንም ማራገቢያውንም ያዞራል። ስለዚህ ቀዩ መብራት ከበራ ጉዳዩ የባትሪ ብቻ አይደለም፤ ንፋስ ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል። በዚያች ቅጽበት ሞተር አጥፉ። «እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ» የሚል ሰው የሚደርሰው ያለ ሞተር ነው። መለዋወጫ ቺንጊያ ሁልጊዜ ከመቀመጫው ሥር ይኑራችሁ። መቀየሩ ቀላል ነው፦ ካቻቢቴ በዲናሞው ፑሊ ጭረት ውስጥ አስገብቶ ከላይኛው የዲናሞ ቡሎን ጋር በማስደገፍ እንዳይዞር መያዝ፣ ዳዶውን መፍታት፣ ፑሊውን ለሁለት መክፈት። በሁለቱ ግማሾች መካከል ያሉት ሮንዴላዎች ሲቀነሱ ቺንጊያው ይጠብቃል፣ ሲጨመሩ ይላላል። የቀነሳችኋቸውን ከውጭ በኩል መልሳችሁ ግጠሟቸው፤ ኪስ ውስጥ የገባ ሮንዴላ አይመለስም። በአውራ ጣት ሲጫን አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከገባ ልክ ነው።

ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ የወረቀት ማጣሪያ የለውም፤ ከታች የሽቦ ወንፊት ብቻ። ትንሽ ዘይት ቶሎ ይቆሽሻል። ስለዚህ በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ይለወጥ፤ ቫልቩም በዚያው ይለካ። የአየር ማጣሪያው ደግሞ በዘይት የተሞላ ገንዳ ነው፤ አየሩ በዘይቱ ላይ ሲያልፍ አቧራው ይቀራል። በበጋ፣ ቀዩ አፈር ሲቦን፣ ይህ ገንዳ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጭቃ ይሆናል። ክፈቱት፣ ጠራርጉት፣ እስከ ምልክቱ ድረስ አዲስ ዘይት ሙሉት። የአንድ ሞተር ዕድሜ በአቧራ አገር የሚወሰነው በዚህች ገንዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቃላቱን ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ሞተሪኖ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። መኪናው የጀርመን ቢሆንም የምንጠግነው በጣሊያንኛ ቃል ነው። የቢጠናው ወጣት አንድም ቀን ጣሊያንኛ ሰምቶ አያውቅ ይሆናል፤ «ካንዴላ» ሲል ግን እኔ፣ እሱና አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ውስጥ ዕቃ የሚሸጠው ነጋዴ እኩል እንግባባለን። ይህ ቋንቋ የትም ትምህርት ቤት አልተማርነውም፤ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው።

በራስ እጅ መሥራት ይቻላል ስል ሁሉን ማለቴ አይደለም። በሦስት ነገር ላይ ብልሃት ክልክል ነው።

ነዳጅ ማስተላለፊያ ጎማ አንዱ ነው። የሚሰነጠቀው ከሞተሩ አጠገብ፣ ሙቀቱ ባለበት ነው፤ የሚንጠባጠበውም ዲስትሪቢዩተሩ ባለበት አካባቢ ነው። የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ያለበት ብረት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ በውኃ አይጠፋም፤ ውኃ ጭራሽ ያባብሰዋል። ያገኛችሁትን ላስቲክ በሽቦ አስራችሁ አትሂዱ። ለነዳጅ የተሠራ ጎማ ግዙ፣ ጫፍና ጫፉን በትክክለኛ መያዣ እሰሩ፣ በየዓመቱ ለውጡት።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። በፍሬን ዘይት ፋንታ የሞተር ዘይት የጨመረ ሰው አጋጥሞኛል፤ በፍሬኑ ውስጥ ያሉት ጎማዎች አብጠው ፍሬኑ ያዘ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ። ቆየት ያሉት ቮልሶች ያላቸው አንድ የፍሬን መስመር ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ይለቃል። ከሶዶ ተነስቶ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ይህን አውቆ ይውረድ፤ ማርሽ ቀንሶም ይውረድ።

ሦስተኛው ክሪክ ነው። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ግንድ፣ ድንጋይ፣ የብረት እግር፣ ምንም ይሁን፤ ክሪኩ ቢለቅ መኪናውን የሚይዝ ነገር ይኑር። ከሦስቱ ሌላ፣ ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ስላለ ክዳን ይኑረው፤ የመቀመጫው ምንጭ ብረት የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት ያስነሳባቸው ቮልሶች አሉ።

ይህን ሁሉ የምለው አሮጌ መኪና የመያዝ ጉዳይ ዛሬ የፍላጎት ብቻ ስላልሆነ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን ታክስ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከሉ። የተከለከለበትን ምክንያት አልቃወምም። ግን ያለው ነዳጅ ጠጪ መኪና ለብዙ ዓመት ያለው ይሆናል ማለት ነው፤ የሚጠግነው እጅም ከበፊቱ ይልቅ ያስፈልጋል። አዲስ የቮልስ ዕቃ ማግኘት ይከብዳል፤ ግን ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተና የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የወጣ መኪና ዕቃው ጭራሽ አይጠፋም። የሚጠፋው መለኪያውን ይዞ በቀዝቃዛ ጠዋት ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው ነው።

የቢጠናው ወጣት ስምንቱንም ቫልቮች ከለካ በኋላ ሞተሩን አስነሳሁት። ቀጭ ቀጭ አለ። ፊቴን አየና፣ «ይንኳኳ ጋሼ፤ አሁን ይተነፍሳል» አለኝ። ያንኑ ቀን አቀበቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዣለሁ። በአንድ ገጽ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የስምንቱ ቫልቮች ክፍተት ሳይነካ በፊትና ከተስተካከለ በኋላ። ሁለት ልኬቶችን ጎን ለጎን ስታዩ ነው የትኛው ቫልቭ እየተለጠጠ እንደሆነ የሚታወቀው፤ ከ5000 ኪሎ ሜትር ወደ 5000 ኪሎ ሜትር ክፍተቱ እየጠበበ የሚሄድ ካለ ቴስታታው ይውረድ፣ ሌላ መፍትሔ የለውም። እናንተም ነገ ጠዋት፣ መኪናውን ሳታስነሱ፣ ደብተሩን ጀምሩ። መኪናውን የምትሸጡ ከሆነም ደብተሩን አብራችሁ ስጡ።